የባሕር ወንበዴ ወሬና የደጋው ጠገራ ብር

በአሮጌ ሳንቲም ገበያ ላይ የባሕር ወንበዴ ስም የተለጠፈበት ዕቃ ቶሎ ገዢ ያገኛል። በሱማትራና በማላይ ወደቦች በቆርቆሮ እየቀለጡ ይሠሩ የነበሩት ባለ ቀዳዳ ትናንሽ ሳንቲሞች፣ የሆላንዱ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ምልክት ያለባቸው የመዳብ ዱይቶችም እንዲሁ «የወንበዴ ገንዘብ» እየተባሉ ይሸጣሉ። አብዛኞቹ ግን ሩዝና ዓሣ የተገዛባቸው የገበያ ዝርዝሮች ናቸው። ወንበዴ ነክቷቸው ይሆናል፤ ከወንበዴው ይልቅ ጉሊት ተቀማጯ እንደነካቻቸው ግን አያጠራጥርም። ይህን ያነሣሁት የሩቅ አገር ሰብሳቢዎችን ለመውቀስ አይደለም። እኛም ዘንድ፣ በሰበታም በቡራዩም በሱሉልታም፣ አሮጌ ገንዘብ የያዘ ሰው የሚያወራው ከሳንቲሙ ይልቅ ስለ ተረቱ ስለሆነ ነው። እጃችን ላይ ያለው አሮጌ ገንዘብ ምንድን ነው? ከየት መጣ? ወሬው ምን ያህሉ እውነት ነው? ሰብሳቢ ነኝ የሚል ሰውስ ምን ሊያደርግ ይገባል? ጥያቄዎቹን በሙሉ መዳሰስ የፈለግኩት ለዚህ ነው።

ሦስቱን ከተሞች የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦና በወለጋ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ የተቀመጡ ናቸው። የጅማ ቡና፣ የወለጋ ወርቅ፣ የጎጃም ማርና ቅቤ ወደ ሸዋ ሲመጣ፣ ጨው፣ ጨርቅና ብር ደግሞ በአጋሰስ ተጭኖ ሲመለስ ያለፈው በእነዚህ አቅጣጫዎች ነው። ዛሬ ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። ትናንት ጤፍና ገብስ ይዘራበት የነበረው መሬት በየቀኑ ለቤት መሠረት ይቆፈራል። ከየክፍለ አገሩ የመጣ ሰውም የአያቱን ድሪ፣ መስቀልና ብር በሣጥኑ ይዞ እዚህ ከትሟል። ለሰብሳቢም ለታሪክ ጸሐፊም ከዚህ የበለጠ ቦታ አላውቅም። የሚጠፋውም ነገር በዚያው ልክ ብዙ ነው።

የኛ አገር ደጋ ባሕር የለውም፤ የባሕር ወንበዴውን ቦታ የያዙት ሽፍታውና ጣሊያኑ ናቸው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲሸሽ ቀብሮት ሄደ ስለሚባል ወርቅ ያልሰማ ሰው በነዚህ ከተሞች አይገኝም። አንዱ ኮረብታ ላይ ካርታ አለ ይባላል፤ ሌላው ዛፍ ሥር ሣጥን አለ፤ አንዱን ደግሞ ቆሌ ይጠብቀዋል ይባላል። ወርቁን ያየ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ተረቱ ከባዶ አልበቀለም። ባንክ ባልነበረበት ዘመን ሰው ብሩን በማሰሮ አድርጎ ከጎታው ሥር ወይም ከበረቱ ጥግ ይቀብር ነበር። ጌታው በጦርነት ሲሞት ወይም በድንገት ሲያልፍ ቦታው የማይታወቅ ገንዘብ ይቀራል። ጣሊያንም ቢሆን ከወርቁ ይልቅ በገፍ ያመጣው ብር ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

እውነተኛው የባሕር ወንበዴ ታሪክ ከኛ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ702 ገደማ ከአበሻ ወገን የተነሡ የባሕር ዘራፊዎች ጅዳን እንደወረሩ ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ የዓረቡ መንግሥት የዳህላክን ደሴቶች ያዘ። ከዚህ የሚልቀውና ለሳንቲም ሰብሳቢ የሚጠቅመው ታሪክ ግን እ.ኤ.አ. በ1695 የሆነው ነው። ሄንሪ ኤቨሪ የተባለው እንግሊዛዊ ወንበዴ ከባልደረቦቹ ጋር ባብ ኤል መንደብ ላይ አድፍጦ ከመካ የሚመለሱ መርከቦችን ጠበቀ፤ ተከታትሎም የህንዱን የሞጎል ንጉሥ ትልቅ መርከብ «ጋንጅ ኢ ሳዋይ»ን ዘረፈ። እንግሊዝ ዋጋ ቆርጣ ብታስፈልገውም እሱ ራሱ አልተያዘም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት በአንድ እርሻ ላይ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ አንዲት ትንሽ የብር ሳንቲም ተገኘች። ተነበበች፤ በየመን እ.ኤ.አ. በ1693 የተመታች ሆነች። ከዚያ ወዲህም በአካባቢው ግዛቶች እህቶቿ ተገኙ። በዚያ ዘመን ከየመን ጋር ቀጥታ ንግድ ባልነበረው አገር አፈር ውስጥ የየመን ገንዘብ መገኘቱ የኤቨሪ ሰዎች እዚያ ሄደው ተሸሸጉ ለሚለው ግምት ትልቅ ማስረጃ ሆነ።

የዚህች ሳንቲም ጉልበት ያለው በተገኘችበት ቦታ ላይ ነው። ያቺው ሳንቲም በሰንዓ ገበያ በሻጭ ጠረጴዛ ላይ ብትገኝ ኖሮ ከብዙ መሰሎቿ አንዷ ነበረች። ከየትኛው ማሳ፣ ከምን ጋር እንደወጣች ስለታወቀ ብቻ ነው የሦስት አህጉር ታሪክ የተናገረችው። በዚህ ዳሰሳ ላይ የምከራከርለት ነገር ይኸው ነው፤ ሳንቲም ቦታውን ሲያጣ ግማሽ ነፍሱን ያጣል፤ እኛ ደግሞ በየቀኑ ቦታውን እያስጣልነው ነው።

በኛው ምድር የተገኘ ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1940 በትግራይ በደብረ ዳሞ ገዳም ከ100 የሚበልጡ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኙ። ኩሻን ዛሬ አፍጋኒስታን፣ ፓኪስታንና ሰሜን ህንድ በሚባለው ምድር የነበረ መንግሥት ነው፤ ቪማ ካድፊሰስ፣ ካኒሽካ፣ ሁቪሽካና ቫሱዴቫ የሚባሉት ነገሥታቱ በሳንቲሞቹ ላይ ነበሩ። ገንዘቡ ከገዳሙ ዕድሜ በእጅጉ ይበልጣል። ቢሆንም በገመድ በሚወጣበት በዚያ አምባ ላይ መገኘቱ የአክሱም ወደብ የነበረችው አዱሊስ ከህንድ ውቅያኖስ ማዶ ካለው ዓለም ጋር ምን ያህል የተሳሰረች እንደነበረች ያሳያል። በተቃራኒው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 በደቡብ የመን አል ማድሃሪባ በሚባል ቦታ 1,194 የወርቅ ሳንቲሞች ተቀብረው ተገኙ፤ 868ቱ የሮም፣ 326ቱ የአክሱም ናቸው። ባብ ኤል መንደብ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ስለ አክሱም የወርቅ ገንዘብ ዛሬ የምናውቀው ብዙው ነገር ከባሕሩ ማዶ ከወጣው ከዚህ ድልብ የተማርነው ነው።

በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ የተረከው አንድ ታሪክም አለ። ሶፓትሮስ የሚባል ነጋዴ ከአዱሊስ ሰዎች ጋር ተሳፍሮ ወደ ዛሬዋ ስሪላንካ ደረሰ። እዚያ ከአንድ ፋርስ ጋር በንጉሡ ፊት የማን ንጉሥ ይበልጣል በሚል ክርክር ገጠመ። ሶፓትሮስ የሁለቱን ነገሥታት ገንዘብ አስቀርቦ አወዳድሩ አለ፤ የሮሙ ወርቅ፣ የፋርሱ ብር ነበርና ተረታ ፋርሱ። በዚያ ዘመን በእጅ የምትያዝ ሳንቲም የመንግሥት አምባሳደር ነበረች።

አክሱም ይህን በደንብ ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ270 ገደማ ጀምሮ ከንጉሥ እንዱቢስ እስከ አርማህ፣ ማለትም እስከ 7ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ገንዘብ መታ። አንዲትን የወርቅ የአክሱም ሳንቲም ቀረብ ብሎ ያየ ሰው መጠኗ ከትንሽ የልብስ ቁልፍ እንደማትበልጥ ይገነዘባል፤ ክብደቷም ጥቂት ግራም ብቻ ነው። በአንዱ ገጽ ንጉሡ ዘውድ ደፍቶ፣ በሌላው ገጽ በሻሽ ተጠቅልሎ ይታያል። በግራና በቀኙ እንደ ቅንፍ ሆነው ሁለት የእህል ዛላዎች ቆመዋል። የዓለም ነገሥታት በሳንቲማቸው ላይ አምላካቸውን፣ መርከባቸውን፣ ጦራቸውን ሲያሳዩ የአክሱም ንጉሥ ፊቱን በዛላ መክበቡን ሳይ ዘወትር እደነቃለሁ። ከንጉሥ ኢዛና መጠመቅ በፊት ከላይ ጨረቃና ክብ ምልክት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቦታውን መስቀል ያዘው። በአንዳንድ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ላይ ደግሞ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መሐል ቀጭን ወርቅ ተለብጧል፤ ይህ በሌላው ዓለም የማይገኝ የኛ ጠቢባን ሥራ ነው። የንጉሥ ስም የሌለባቸው የነሐስ ሳንቲሞችም አሉ። በግሪክኛ የተጻፈባቸው ቃል ይህ ለአገሩ ደስ ያሰኝ የሚል ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ1926 አርቱሮ አንዛኒ፣ ኋላም ስቱዋርት ሙንሮ ሄይ ይህን ገንዘብ በዝርዝር መዝግበው ለዓለም አስተዋውቀዋል። አክሱም አካባቢ ዝናብ ከጣለ በኋላ ከማሳ ላይ ለቅመው ለቱሪስት የሸጡት የገበሬ ልጆች ግን በየትኛውም መዝገብ የሉም፤ ሳንቲሙ የወጣበት ማሳም እንዲሁ።

ከአርማህ በኋላ በደጋው የተመታ ገንዘብ ከ1,000 ዓመት በላይ ጠፋ። በገንዘብ ቦታ የገባው አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ እየተቆረጠ በግመልና በአህያ ሲወጣ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። በኋላ ዘመን ጥይት ራሱ እንደ ዝርዝር ያገለግል ነበር። ሐረር ብቻዋን የራሷን ትናንሽ መሐለቅ ትመታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1855 ከተማዋን ያየው ሪቻርድ በርተን ጽፎታል። ሐረር በምኒልክ እጅ ከገባች በኋላም በዚያው በ1885 ዓ.ም. የተመታ የምኒልክ መሐለቅ አለ፤ ለሰብሳቢዎች ከፍ ያለ ቦታ ያለው ነው።

አሁን ወደ ደጋው ንጉሥ ልሂድ፤ ጠገራ ብር። ማርትሬዛ እንላታለን። የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች፤ ገንዘቧ ግን በዚያው ዓመተ ምሕረት ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ በየትኛውም አገር ቢመታ «1780» ነው የሚለው። ክብደቷ 28.07 ግራም ያህል ነው፤ ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር። አንዷን ቤተሰብ ያቆያትን ጠገራ መዳፍ ላይ አድርጎ ማየት ይበጃል። የእቴጌዋ ጉንጭ ከብዙ እጅ ማለፍ የተነሣ ልሟል። ባሏ ከሞተ በኋላ የለበሰችው የመበለት ሻሽ በጀርባዋ ይወርዳል። ከደረቷ በታች ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ኤስ እና ኤፍ፣ በግልጽ ይነበባሉ፤ የጉንዝበርግ ገንዘብ ቤት ኃላፊዎች ስም መነሻ ናቸው። ከራስጌዋ ላይ የብየዳ ጠባሳ ካለ ማንጠልጠያ ነበራት ማለት ነው፤ የሙሽራ ጌጥ ሆና ኖራለች። ጠርዟን በብርሃን ስታዞሯት በጎባጣ ፊደል የላቲን ጽሑፍ ይዞራል፤ ትርጉሙ ፍትሕና ምሕረት ነው። አጭበርባሪ ፊቷንና ንስሩን አስመስሎ ማቅለጥ ይችል ይሆናል፤ ያንን ጠርዝ ግን ማስመሰል እጅግ ይከብደዋል።

የኛ አባቶችና እናቶች ይህን ሁሉ ያለ ማጉያ መነጽር ያውቁ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን የመጡ መንገደኞች እንደጻፉት ገበሬው በእቴጌዋ ራስ ላይ ያለውን የዕንቁ ጌጥ ይቆጥራል፣ የትከሻዋን ጌጥ ያያል፣ ሁለቱ ፊደላት ካልታዩት አይቀበልም። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1918 ማርትሬዛን የሚመስል የራሳቸውን ታለር ሠርተው ለኤርትራ አመጡ፤ ሴቲቱ ሌላ ስለሆነች ሕዝቡ መለሰላቸው። በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ እ.ኤ.አ. በ1867 እና 1868 ሲመጣ ለስንቅና ለጋማ ከብት የሚከፍለውን ብር ከኦስትሪያ በሚሊዮን አስመትቶ ነው። እንግዲህ ከመቅደላ መንገድ ዳር ያለ ቤተሰብ የያዘው ጠገራ ለናፒየር ጦር ገብስ የተሸጠበት ሊሆን ይችላል፤ ቤተሰቡ ካላስታወሰ ግን ማንም አያውቀውም።

የጣሊያን ወርቅ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1935 የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ በሮም ከ19 ሚሊዮን በላይ ማርትሬዛ አስመታ፤ ሕዝቡ ሊራን አልቀበልም ስላለ ለሠራተኛ፣ ለባንዳ፣ ለእህል የሚከፍለው ሌላ አልነበረም። እንግሊዝም መልስ ሰጠች፤ በለንደን፣ በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ በቦምቤይ መታች። ስለዚህ ሰበታ ውስጥ በአንድ ሣጥን ያሉ ሦስት ጠገራዎች ሦስቱም «1780» ቢሉም አንዷ ከቪየና፣ አንዷ ከሮም፣ አንዷ ከህንድ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ባለሙያዎች የሚለዩዋቸው በንስሩ ጅራት ላባ አደራደርና በጌጡ ዕንቁ ቁጥር ነው። በኮረብታው ላይ ወርቅ የሚፈልግ ሰው እውነተኛው የጣሊያን ገንዘብ በእናቱ አንገት ላይ እንደነበረ ቢያውቅ ደስ ባለኝ።

ነበረ ያልኩት ብዙው ስለቀለጠ ነው። አንጥረኛው መስቀሉን፣ ድሪውን፣ አልቦውን የሠራው ከጠገራ ነው፤ ወርቅ የሚመዘንበት ወቄትም በአንድ ጠገራ ክብደት ልክ ነበር። ይህን ጥፋት አልለውም፤ ገንዘቡ ወደ ጥበብ ተለወጠ። ዛሬ ብሩ በግራም ተመዝኖ ሲቀልጥ ግን የሚተርፍ ጥበብ የለም።

አፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. በአዋጅ የራሳቸውን ገንዘብ አቋቋሙ፤ በፓሪስ ተመትቶ በ1887 ዓ.ም. ቁጥር ወጣ። ብሩ በክብደት ከማርትሬዛ ጋር እኩል፣ በአንድ ገጽ ንጉሡ ዘውድ ደፍተው፣ በሌላው ሞአ አንበሳ ባንዲራ ይዞ የቆመበት ነው። ከሥሩ አላድ፣ ሩብ፣ ተሙን፣ ግርሽ ነበሩ። ዓመተ ምሕረቱ በግዕዝ ቁጥር ስለተጻፈ ማንበብ የሚችል ሰብሳቢ ከውጭ ነጋዴ ይቀድማል። አንበሳው በአንዳንዱ ግራ፣ በአንዳንዱ ቀኝ እግሩን ማንሣቱም ለሰብሳቢ ትልቅ ልዩነት ነው። አዲስ አበባ የራሷ ገንዘብ መምቻ ካገኘች በኋላ እንኳ አንዳንዱ ሳንቲም የ1889 ዓ.ም. ቁጥሩን እንደያዘ ተመታ፤ ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ዕድሜ መናገር ያሳስታል። የምኒልክ ብር ማርትሬዛን ግን አላሸነፈም፤ ራቅ ባለው አገር ሰው የሚያምነው ያቺን ሻሽ የለበሰች ሴት ነበር።

በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በ1923 ዓ.ም. መቶኛ የሚባለው የመዳብና የኒኬል ሳንቲም ወጣ። ከጣሊያን በኋላ ደግሞ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ታወጀ፤ ሳንቲሞቹ ላይ ያለው ግን 1936 ነው። 50 ሳንቲሙ ብር ነበር፤ 25ቱ መዳብ። 25ቱን በነጭ እየለበጡ በ50 የሚያሳልፉ በዙና መንግሥት ጠርዙን እንደ አበባ ቅጠል አጎረበጠው። ዙሪያው ክብ የሆነ የመዳብ 25 ሳንቲም ያለው ሰው ከማርትሬዛ በላይ ብርቅ ነገር ይዟል፤ ብዙዎች ግን ምንም አይጠቅምም ብለው ይጥሉታል።

ገበያው ዛሬ በቸርችል ጎዳና መታሰቢያ ዕቃ ቤቶች፣ በመርካቶና በሽሮ ሜዳ አለ። አዲስ የተመታ ማርትሬዛ እንደ አሮጌ ይሸጣል፤ ቀልጦ የተሠራ የአክሱም ሳንቲምም አለ። ክብደት፣ ጠርዝ፣ ድምፅ መፈተን ያስፈልጋል። ሻጮች ብሩን በአመድና በሎሚ ፈትገው ያበራሉ፤ ከዕድሜ የመጣው ጥቁረት ሲሄድ ማስረጃውም ዋጋውም አብሮ ይሄዳል፤ ነሐስ ሲሆን ደግሞ አሲዱ ጽሑፉን ይበላዋል። ከአፈር የወጣ ሳንቲም ጉዳይ የንግድ ብቻ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 የወርቅ፣ የብር፣ የነሐስና የመዳብ ሳንቲሞችን ከተንቀሳቃሽ ቅርስ ይቆጥራል፤ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። የመሠረት ቆፋሪ፣ ኮንትራክተር፣ የወረዳ ባለሙያ ይህን ቢያውቅ በሸገር ዙሪያ ብዙ ነገር ይተርፍ ነበር። በማሰሮ የተቀበረ ብር ሲወጣ ተከፋፍሎ በማግስቱ አንጥረኛ ዘንድ ከደረሰ፣ ማሰሮው ራሱ፣ ጥልቀቱ፣ አብሮት የነበረው ዶቃ ሁሉ ይጠፋል፤ የሚቀረው በግራም የተመዘነ ብረት ነው።

ሰብሳቢ መሆን የሚፈልግ ወጣት በሱሉልታ ወይም በቡራዩ ቢኖር ከመግዛቱ በፊት ደብተር ይግዛ እላለሁ። ጎረቤቱን፣ የጓደኛውን አያት ቁጭ ብሎ ይጠይቅ፦ «እማማ፣ ይቺን ብር ከማን አገኟት? የጥሎሽ ናት ወይስ የእህል ዋጋ? ከየት አገር ይዘዋት መጡ?» አፋን ኦሮሞ ለሚናገሩት በቋንቋቸው ይጠይቅ፤ ቀርሺ ሲሉ ስለ የትኛው ብር እንደሆነ ያብራሩለታል። የሚሰማውን ይጻፍ፣ ሳንቲሙን በሁለቱም ገጽና በጠርዙ ፎቶ ያንሣ፣ ይመዝን። ባይሸጡለት እንኳ መዝገቡ ይቀራል። ከሰበታ የተነሣው አዲሱ የባቡር ሐዲድ እስከ ጅቡቲ ድረስ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ጠገራውም በአብዛኛው የመጣው ከዚያው ከባሕር አቅጣጫ ነውና የእያንዳንዱ ጠገራ ጉዞ ቢጻፍ የዚህ አገር የንግድ ታሪክ እንደገና ይጻፋል።

በብር ብቻ መጨነቅም አያስፈልግም። በ1969 ዓ.ም. የወጡት የአንበሳ ራስ ያለባቸው ሳንቲሞች፣ በአሉሚኒየሙ 1 ሳንቲም ላይ በሁለት በሬ የሚያርሰው ገበሬ፣ በ5ቱ ላይ ጠመንጃ የያዘው ወታደር፣ በ10ሩ ላይ ያለው ኒያላ፣ ዋጋ ስላጡ ከእጅ እየወጡ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመታው ባለ ሚዛኑ 1 ብርም አንድ ቀን ይከተላቸዋል። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ለመልስ በከረሜላ የሚተኩት እነዚህ ሳንቲሞች ገና ርካሽ ናቸው፤ ሙሉውን ስብስብ፣ ጥርት ያለውን፣ አሁን ማግኘት ይቻላል።